ልሳንና ነገድ በሕዝብ ቈጠራ መዝገብ

ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ይቈጥርለት ዘንድ ኢዮአብን ከዳን እስከ ቤርሳቤህ በላከው ጊዜ የተገኘው ድምር፣ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ከእስራኤል 800 ሺህ ከይሁዳም 500 ሺህ ሰይፍ የሚመዝ ሰው ነው ተብሎ ሲጻፍ፣ ያው አንዱ ቈጠራ በዜና መዋዕል 1 ሚሊዮን ከ100 ሺህና 470 ሺህ ሆኖ ይገኛል። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ሁለቱን ንባብ የሚያስማሙበት የትርጓሜ መንገድ አላቸው፤ የዓለሙን ታሪክ ለሚመረምር ሰው ግን ነገሩ የሚያስታውሰው የሕዝብ ድምር በተቈጣሪው ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ቈጣሪው ማንን ከማን ጋር ይደምር ዘንድ እንደ ታዘዘ ጭምር የሚወሰን መሆኑን ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብ በአፍ መፍቻ ቋንቋውና በብሔረሰቡ ተለይቶ የተመዘገበበት ታሪክ ገና ከአንድ ጐልማሳ ዕድሜ የማይበልጥ ሲሆን፣ በዚሁ አጭር ዘመን ውስጥ እንኳ ይህ የድሮ ጥያቄ ደጋግሞ ተነሥቷል።

ቀደምት ነገሥታት ከግዛታቸው በታች ያለውን ሕዝብ በስም መዘርዘሩን ያውቁበት ነበር። ንጉሠ አክሱም ዒዛና በግእዝ፣ በሳባ ፊደልና በጽርዕ ባስቀረጸው ድንጋይ ላይ የአክሱም፣ የሕምያር፣ የሳባ፣ የቤጃ፣ የካሱና የሌሎችም ንጉሥ መሆኑን ሲያስታውቅ፣ እነዚህ ሁሉ በምን ልሳን እንደሚናገሩና ስንት ነፍስ እንደሆኑ መናገር አላስፈለገውም፤ የሚያስፈልገው መገዛታቸውና መገበራቸው ነበርና። ከእርሱም በኋላ ብዙ ምዕት ዓመት የመንግሥቱ መዝገብ የጋሻ መሬት፣ የጪሰኛ፣ የግብርና የማር መዝገብ ሆኖ ኖረ እንጂ የአንደበት መዝገብ አልነበረም።

በ16ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ግን ከጋሞ አገር የመጣው መነኵሴ አባ ባሕርይ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ ታሪክ የጻፈው አጭር መጽሐፍ፣ ሕዝብን በዓይነት በዓይነቱ ለይቶ የማየት ሙከራ ተብሎ ሊቈጠር ይገባዋል። አባ ባሕርይ ኦሮሞን በየጐሣውና በየገዳው ሥርዐት ከፋፍሎ ከዘረዘረ በኋላ፣ የራሱ ወገን በቍጥር ብዙ ሆኖ ሳለ ስለምን ተሸነፈ ብሎ ቢጠይቅ፣ ያገኘው መልስ ሰዉ በ10 ክፍል የተከፈለ መሆኑና ከእነዚህም 9ኙ ወደ ሰልፍ የማይወጡ፣ የሚዋጋውም 1ዱ ብቻ መሆኑ ነው። መነኮሳቱን፣ ደብተሮቹን፣ ገበሬዎቹን፣ ነጋዴዎቹንና አንጥረኞቹን እያለ ሲከፋፍል፣ አማርኛ ተናጋሪ ወይም ሌላ ልሳን ተናጋሪ የሚል ክፍል በአሳቡ አልመጣም። ለዘመኑ ሰው ዋናው ጥያቄ ምን ትሠራለህ፣ ለማን ትገብራለህ፣ ሃይማኖትህስ ምንድን ነው የሚል ነበር፤ እኔም በዚያ ዘመን ይህ ከእኛ ጥያቄ ያነሰ ጥበብ ነበር ለማለት አልደፍርም።

ልሳንን ለልሳንነቱ ፈልጎ የመጣው የውጭ ሰው ነው። ጀምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ እ.ኤ.አ. በ1770 ጐንደር ገብቶ በነበረ ጊዜ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን ወደ አማርኛ፣ ወደ አገውኛ ዘሮች፣ ወደ ጋፋትኛና ወደ ሌሎችም ልሳናት አስተርጕሞ ይዞ ሄደ። ከእነዚህም ሁሉ የጋፋቱ ክርታስ ዕጣው ልዩ ሆነ። ጋፋት በዐባይ ዳር፣ በጐጃም ደቡብ ይኖር የነበረ ሕዝብ ነው፤ ልሳኑም የሴም ወገን ሆኖ ከአማርኛ ጋር ቢዛመድም ራሱን የቻለ ነበር። ብሩስ ያስጻፈው ጽሑፍ በኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ሳለ ተናጋሪዎቹ በአማርኛ እየተዋጡ ሄዱ፤ ፖላንድ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረውና 100 ዓመት ሞልቶት ያረፈው የሴም ልሳናት ሊቅ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1947 ጋፋትኛ የሚችል ሰው ፍለጋ ወደ ጐጃም በወረደ ጊዜ ከብዙ ድካም በኋላ ያገኘው 4 ሰው ብቻ ነበር። ከእነዚያ ሽማግሎች አፍ የለቀመው ቃል ዛሬ መጽሐፍ ሆኖ ይነበባል፤ የሚናገረው ግን የለም። የጋፋት ልጆች ግን አልጠፉም፤ ዘራቸው አለ፣ ይወልዳሉ፣ ይከብዳሉ፣ አማርኛም ይናገራሉ። ልሳን ሊሞት ነገድ ሊኖር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማምጣት አስቸጋሪ ነው፤ አንባቢም ይህን ይዞ ቢከተለኝ ወደፊት የሚመጣው የአኃዝ ክምር ይቀልለታል።

ሕዝቡን በልሳንና በነገድ ለይቶ መንግሥታዊ ሥራ ላይ ለማዋል መጀመሪያ የተነሣው የፋሽስት ኢጣልያ መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1936 ባወጣው የአስተዳደር ሕግ አገሪቱን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋር አቀላቅሎ በትልልቅ ግዛቶች ሲከፋፍል፣ ትግራይን ከኤርትራ፣ ኦጋዴንንም ከሶማሊያ ጋር አጣምሮ፣ በየግዛቱም ለትምህርት የሚያገለግለውን የአገሬው ቋንቋ በሕግ ወሰነ። የዚህም ዓላማ ለልሳናቱ ከማዘን የመጣ እንዳልሆነ መናገር አያሻም፤ ከፋፍሎ መግዛት ነው። ግን ነገሩ አንድ ጠባሳ ጥሎ ሄደ፤ ከነጻነት በኋላ ሕዝቡን በልሳኑ መለየት የጠላት ተንኰል ነው የሚል ጥርጣሬ በቤተ መንግሥትም በምሁራንም ዘንድ ሥር ሰደደ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን ብቻ የመንግሥቱ ቋንቋ አድርጎ ሲደነግግ፣ ስለ ሌሎቹ ልሳናት ዝም አለ።

ማዕከላዊ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተቋቁሞ በየክፍለ ሀገሩ የናሙና ጥናት ያካሂድ ጀመር፤ የመላውን አገር ነዋሪ ነፍስ በነፍስ የመቍጠሩ ሥራ ግን ሳይደረግ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አለፈ። በዚህ መካከል እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1969 ቤንደር፣ ቦወን፣ ኩፐርና ፈርጉሰን የተባሉ የውጭ ሊቃውንት ከአገር ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ያደረጉት የኢትዮጵያ ልሳናት ጥናት በጣም ደስ የሚያሰኝ ክፍል አለው፤ ምክንያቱም ሰውን ምን ነህ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ወደ ገበያ ወርዶ እህል ሻጩና ጨው ገዢው በምን ልሳን እንደሚከራከሩ ቆሞ መስማትን ጨመረ። ገበያ የሚያስፈራ ሹም የሌለበት ቦታ ነውና እዚያ የተሰማው ነገር ለቈጣሪ ከሚሰጠው ቃል ይልቅ ለእውነት የቀረበ ይመስለኛል። የጥናቱም መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1976 ታተመ።

ተማሪዎቹ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዙ። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኰንን የተባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው አጭር ጽሑፍ፣ እስከዚያ ድረስ በሹክሹክታ ይነገር የነበረውን ነገር በአደባባይ አወጣው። ከ5 ዓመት በኋላ ዙፋኑ ወደቀ። ደርግ በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. ባወጀው ፕሮግራም ብሔረሰቦች የውስጥ ራስ ገዝነት መብት እንዳላቸው ሲያውጅ፣ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በስተመጨረሻ በ15 ቋንቋዎች፣ ሁሉም በግእዝ ፊደል ተጽፈው፣ ትምህርት ሰጠ። በ1975 ዓ.ም. የብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ አገሪቱ ውስጥ ማን ማን እንደሚኖር ይመዘግብ ጀመር። ይህ ሁሉ ሆኖ ሥልጣን ከአዲስ አበባ ፈቀቅ አላለም፤ በጎ ቃል በወረቀት ላይ፣ ጦርነት በሰሜን ተራሮች ላይ ሆኖ ቀጠለ።

የመጀመሪያው የሕዝብ ቈጠራ ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. ተደረገ። ጊዜው ክፉ ጊዜ ነበር፤ በሰሜንና በምሥራቅ ረኃቡ ገበሬውን ከቀዬው እየነቀለ በየመንገዱ የሚያፈስበት፣ በኤርትራና በትግራይም ጦርነቱ የነደደበት ወራት ስለነበረ፣ ከሕዝቡ በአካል የተቈጠረው አራት አምስተኛው ያህል ሲሆን የቀረው በግምት ተሞላ። ድምሩ 42 ሚሊዮን ሆኖ ሲወጣ ቀድሞ ከሚገመተው በብዙ ሚሊዮን በመብለጡ ሹማምንቱ ራሳቸው ተደነቁ። ስለ ብሔረሰብ የተጠየቀው ጥያቄ ኦሮሞን 29.1፣ አማራን 28.3፣ ትግራይን 9.7 በመቶ አድርጎ አወጣ። ይህም ማለት፣ በአፈ ታሪክና በመንገደኞች ግምት ይነገር የነበረው የብዙኃንና የጥቂቶች ወሬ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በመንግሥት ማኅተም በወጣ አኃዝ ተፈተነና፣ ከግማሽ የሚበልጥ አንድም ብሔረሰብ በኢትዮጵያ እንደሌለ ታወቀ። እኔ ከዚያ ቈጠራ ፍሬ ሁሉ ዋናው ይህ ነው እላለሁ፤ በጊዜው ግን ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር።

መንግሥት ሲለወጥ የአኃዙ ክብደት ተለወጠ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት ዕውቅና እንዲኖራቸው፣ አማርኛም የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ እንዲሆን ወስኖ፣ በፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ወኪል፣ በየ1 ሚሊዮን ሕዝቡም አንድ ተጨማሪ ወኪል እንዲኖረው አዘዘ፤ የሕዝብ ቈጠራም በየ10 ዓመቱ እንዲደረግና የምርጫ ክልሎች በዚያ እንዲመሠረቱ ደነገገ። ቀድሞ ለጠቢባን ጨዋታ የነበረው ቍጥር አሁን የወንበር፣ የበጀትና የወሰን መሠረት ሆነ። እንግዲህ በራፍ ላይ ቆሞ ብሔረሰብዎ ምንድን ነው የሚል ቈጣሪ ሲመጣ፣ ባለቤቱ መልሱን ከአባት ከአያት ስም ጋር ብቻ ሳይሆን ከወረዳው ዕጣ ጋር አያይዞ ማሰብ ጀመረ።

ሁለተኛው ቈጠራ ጥቅምት 1 ቀን 1987 ዓ.ም. ተካሂዶ 53.5 ሚሊዮን ሕዝብ መዘገበ፤ አፋርና ሶማሌ ክልሎች ዘግይተው በሌላ ጊዜ ተቈጠሩ። መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ ብሔረሰብና አፍ መፍቻ ቋንቋ በሁለት ዓምድ ተለይተው ቀረቡ፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያነበበ ሰውም የሚያስደንቅ ነገር አየ። ኦሮሞ ነኝ ያለው 17,080,318፣ አማራ ነኝ ያለው 16,007,933 ሆኖ በብሔረሰቡ ዓምድ ኦሮሞ ቀዳሚ ሲሆን፣ በአፍ መፍቻው ዓምድ ግን አማርኛ በ17,372,913 ተናጋሪ ቀድሞ ኦሮምኛ በ16,777,976 ተከተለ። ማለትም ከአንድ ሚሊዮን 300 ሺህ የሚበልጥ ሰው እናቱ አማርኛ አስተምራው፣ በአማርኛ አፉን ፈትቶ፣ ሲጠየቅ ግን ጉራጌ ነኝ፣ ኦሮሞ ነኝ፣ ትግሬ ነኝ፣ ወላይታ ነኝ ወይም ቅማንት ነኝ ብሎ መለሰ። ማን ይበዛል ብለው የሚከራከሩት ወገኖች እያንዳንዳቸው የሚስማማቸውን ዓምድ ብቻ ቀድደው መያዛቸው በዚያን ጊዜ ተጀመረ፤ ዛሬም አልተወም። ሁለቱ ዓምዶች የሚቃረኑ መስሏቸው ነው እንጂ አንዱ ያለፈውን ዘር፣ ሌላው የቤቱን ወግ የሚናገሩ በመሆናቸው አይቃረኑም።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ከታላላቆቹ ይልቅ ልቤን የሚስቡት ታናናሾቹ ናቸው። በጭልጋና በጐንደር ዙሪያ የሚኖረው ቅማንት 172,327 ሆኖ ሲቈጠር፣ ቅማንትኛን አፍ መፍቻዬ ነው ያለው 1,625 ሰው ብቻ ሆነ። አርጎባ 62,831 ሲሆን አርጎብኛ ተናጋሪው 10,860። የጋፋትን ታሪክ ያነበበ ሰው የእነዚህን አኃዞች ወዴት መሄድ ያውቃል። ቅማንት ከአገው ወገን የሆነ ጥንታዊ ልሳን ሲኖረው የራሱም አምልኮ ነበረው፤ ልጆቹም በጋብቻ፣ በጥምቀትና በገበያ ወደ አማርኛ ገቡ። በዚህ መንገድ ማንም በሰይፍ አላስገደዳቸውም ማለት ግን አይደለም፤ በተናቀ ልሳን መናገር ራሱ ግድ ነው።

ከዚያ ወዲያ ባለው ዐሥር ዓመት የመዝገቡ ቅርጽ ራሱ ሰውን ያነሣሣ ጀመር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የደቡብ ክልል ባለሥልጣናት የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ልሳናት አንድ አድርገው ወጋጎዳ የሚል ስም ሰጥተው የመማሪያ መጽሐፍ ቢያሳትሙበት፣ በወላይታ ሶዶ ሕዝቡ ገንፍሎ ወጣ፤ ደምም ፈሰሰ። መጽሐፉ ተሰበሰበ፣ ወላይታም ብዙ ሳይቆይ የራሱ ዞን ሆነ። ልሳናቱ እጅግ የሚቀራረቡ መሆናቸውን የቋንቋ ሊቅ ሁሉ ይመሰክራል፤ ግን መቀራረብና በአዋጅ አንድ መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስልጤ ደግሞ በ1987ቱ ቈጠራ በጉራጌ ስም ጥላ ሥር ተደምሮ ነበር፤ በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ እኛ ራሳችንን የቻልን ነን ብሎ ተለየ። ስለዚህ ጉራጌ በ1987 ዓ.ም. 4.3 በመቶ፣ በ1999 ዓ.ም. 2.5 በመቶ ሆኖ ሲገኝ፣ ምክንያቱን ሳያውቅ ሠንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው ምን መቅሠፍት ወረደባቸው ብሎ ይጨነቅ ይሆናል፤ ከነገሩ ግን ትልቁ ክፍል በሌላ መስመር ላይ መጻፍ እንጂ የወሊድና የሞት ጉዳይ አልነበረም።

ሦስተኛው ቈጠራ ግንቦት 20 ቀን 1999 ዓ.ም. ተደርጎ፣ አፋርና ሶማሌ ደግሞ በኅዳር 2000 ዓ.ም. ተቈጥረው፣ ድምሩ 73.75 ሚሊዮን ሆነ። ኦሮሞ 34.4፣ አማራ 26.9፣ ሶማሌ 6.2፣ ትግራይ 6.1፣ ሲዳማ 4 በመቶ። በአፍ መፍቻው ዓምድ ይህ ጊዜ ኦሮምኛ በ33.8 በመቶ ቀድሞ አማርኛ በ29.3 ተከተለ፤ ይሁን እንጂ በአማራነትና በአማርኛ ተናጋሪነት መካከል ያለው ርቀት ጠብቦ አልተገኘም፤ እንዲያውም ሰፍቶ ወደ 1.75 ሚሊዮን ሰው ደረሰ። ይህን ርቀት በጉልህ የምታሳየው አዲስ አበባ ናት። ከ2.7 ሚሊዮን ነዋሪዎቿ አማራ 47 በመቶ ሲሆን በአማርኛ አፉን የፈታው 71 በመቶ፤ ኦሮሞ 19.5 ሲሆን ኦሮምኛ 10.7፤ ጉራጌ 16.3 ሲሆን ጉራግኛ 8.4። ከመርካቶ እስከ ሾላ የሚኖረው የጉራጌ ነጋዴ ልጅ አባቱን ስለ ቸሃው ወይም ስለ እነሞር ቤቱ ሲጠይቀው ዝርዝሩን በአማርኛ ያወራለታል፤ ይህንም ሁለቱም እንደ ነውር አያዩትም።

ሆኖም የዚያ ቈጠራ ውጤት በጸጥታ ተቀባይነት አላገኘም። በአማራ ክልል የተገኘው ቍጥር ቀድሞ ከተተነበየው ከ2 ሚሊዮን በሚበልጥ ሰው ማነሱ በ2001 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ብርቱ ክርክር አስነሣ፤ በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ በኩል ምክንያት ተብሎ የቀረበውን ብዙ ሰው አላመነውም። ቅማንት ደግሞ በዚህኛው መጽሐፍ በራሱ ስም የሚገኝበት መስመር ሳይኖረው ቀረ። 172 ሺህ ሕዝብ በ13 ዓመት ውስጥ አይጠፋም፤ የጠፋው መስመሩ ነበር። ከዚያ ቅሬታ የተነሣው እንቅስቃሴ አድጎ የክልሉ ምክር ቤት በ2007 ዓ.ም. ለቅማንት ዕውቅና ሰጠ፤ ከዚያም በኋላ በወሰንና በቀበሌ ጉዳይ በጐንደር አካባቢ ብዙ ሰው ሞተ፣ ብዙ ቤት ተቃጠለ። ለአንድ የመዝገብ መስመር ይህን ያህል ዋጋ መከፈሉን አስቤ ስደርስበት፣ ቈጣሪው ቀለም ከመንከሩ አስቀድሞ ሰውን ማማከር ነበረበት እላለሁ።

አራተኛው ቈጠራ በሕገ መንግሥቱ ትእዛዝ በ2009 ወይም በ2010 ዓ.ም. መደረግ ነበረበት። በታብሌት ይካሄዳል ተብሎ ዝግጅቱ ከተጀመረ በኋላ ግን በየቦታው በተነሣው ግጭትና መፈናቀል ምክንያት አንድ ጊዜ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ እየተላለፈ ሄዶ፣ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው እንደገና አራዘሙት፤ ከዚያ የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፣ ከወረርሽኙም በኋላ የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ። በዚህ መካከል፣ በየካቲት 2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ከአማርኛ ጋር የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋዎች እንዲሆኑ ወሰነ፤ ሲዳማም በሕዝበ ውሳኔ ክልል ሆነ። ይህ ሁሉ ታላቅ ነገር ሲወሰን እጅ ላይ የነበረው አኃዝ የ1999ኙ ነው። ዛሬ የትምህርት ቤት፣ የክትባትና የበጀት ዕቅድ የሚወጣበት የሕዝብ ግምትም ከዚያው የ1999 ዓ.ም. መዝገብ ላይ ተነሥቶ የተሰላ ነው፤ በዚያን ዓመት የተወለዱት ልጆች ለአካለ መጠን ደርሰው ሳለ አራተኛው ቈጠራ እስካሁን አልተደረገም።